አንዱ ጎኑ ጎብጦ አንዱ ጎኑ ሰርጉዶ የሚወጣ ጥርስ፦ የሮሊንግ ዳዬ ከወራት ሥራ በኋላ

የስፕላይን ዘንግ (ዙሪያውን ጥርስ ያለው፣ እጅጌ ውስጥ ገብቶ አብሮ የሚዞር ዘንግ) ጥርስን በፍሬዛ፣ ማለትም በብረት መቁረጫ ማሽን፣ መቁረጥ ትተን በሁለት ክብ ዳዮች (ጥርስ ባላቸው የቅርጽ ማውጫ መሣሪያዎች) መካከል እያንከባለልን በግፊት ማውጣት የጀመርነው ከወራት በፊት በገዛሁት ጥንድ ዳይ ነው። ዳዮቹ ዲ2 ከሚባለው የመሣሪያ ብረት የተሠሩና በሚገባ የጠነከሩ ናቸው፤ እስካሁን አንድም ጥርስ አልተሸረፈባቸውም። ይሁንና በግዢው ተጸጽቻለሁ፤ ምክንያቱም የሚያወጡት ጥርስ ሁለት ጎኖቹ አንድ ዓይነት አይደሉም።

የ1 ሞጁል (ሞጁል የጥርስ መጠን መለኪያ ነው)፣ የ24 ጥርስ ዘንጋችንን ስናስለካ ዳዩ በሚገፋው የጥርስ ጎን፣ በፒች ክቡ (በጥርሱ ከፍታ መሃል ገደማ እንደሚያልፍ በሚታሰበው ክብ) አካባቢ፣ ከ20 ሚክሮን የሚበልጥ ጉብታ ተገኘ፤ በተቃራኒው ጎን በዚያው ከፍታ ላይ ስርጉድ አለ። ጉብታው ጭነቱን ሁሉ በጠባብ መስመር ላይ ስለሚያከማች፣ ዘንጉ የሚገባበት እጅጌ ያለ ጊዜው ይበላል።

የዳዩ ጥርስና የዘንጉ ጥርስ ሳይንሸራተቱ የሚገናኙት በፒች ነጥቡ ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይና በታች እርስ በርስ ይንሸራተታሉ፣ የመንሸራተቱም አቅጣጫ እዚያው ነጥብ ላይ ይገለበጣል። በሚገፋው ጎን ሰበቃው የዘንጉን ብረት ከጫፍም ከሥርም ወደ ፒች ክቡ ይሰበስበዋል፤ በሌላኛው ጎን ግን ከፒች ክቡ ወደ ጫፍና ወደ ሥር ያሸሸዋል። ስለዚህ የዳይ ንድፍ አውጪ ለሁለቱ ጎኖች የተለያየ እርማት መስጠት ይኖርበታል፦ ጉብታ በሚፈጠርበት በኩል የዳዩ ጎን በፒቹ አካባቢ በጥቂት ሚክሮን ሞላ ሊል፣ ስርጉድ በሚፈጠርበት በኩል ደግሞ ጎደል ሊል ይገባል። የእኔ ዳይ ግን እርማት የሌለበት፣ በሁለቱም በኩል ንጹሕ ኢንቮሉት (መደበኛው የጥርስ ጎን ጥምዝ) ነው።

ሻጩ «ንጹሕ ኢንቮሉት ከሆነ ጉድለቱ ምኑ ላይ ነው?» ይለኝ ይሆናል። ንጹሕ ኢንቮሉት ሆኖ እንዲወጣ የምፈልገው ዘንጉ ነው፤ ዳዩ ለዚያ ሲባል ቅርጹን ማሻሻል ያለበት መሣሪያ ነው። «የጥሬ ዘንጉን ዲያሜትር አስተካክል» ቢለኝም አልቀበለውም። በዚህ ሥራ ብረት ተቆርጦ አይወጣምና፣ ዲያሜትሩ ሲበዛ ጥርሱ ዳዩን ከልክ በላይ ይሞላል፣ ሲያንስም ጫፉ ሳይሞላ ይቀራል፤ አንዱን ጎን አጉብጦ ሌላውን የሚያሰረጉድ ግን ዲያሜትር አይደለም። «የዙሩን አቅጣጫ እየቀያየርክ አንከባልል» የሚለው ምክር እውነት አለው፤ እኛም ዛሬ የምንሠራው እንደዚያው ነው፣ ልዩነቱም በግልጽ ቀንሷል። ነገር ግን የእያንዳንዱ ዘንግ የሥራ ጊዜ ረዘመ፤ ከፍሬዛ የተለየንበት ዋናው ምክንያት ደግሞ ፍጥነት ነበር።

ቅሬታዬ በዘዴው ላይ አይደለም። ተንከባልሎ የወጣ ጥርስ የብረቱ አሰር (በውስጡ ያለው ክር መሰል አደራደር) ሳይቆረጥ የጥርሱን ቅርጽ ተከትሎ ይታጠፋል፣ ሥሩም በግፊቱ ይጠነክራል፤ ስለዚህ ወደ ፍሬዛ የመመለስ ሐሳብ የለኝም። የተከፋሁት ይህን የመሰለ ዘዴ የሚገባውን ንድፍ ሳያገኝ፣ ያውም በሙሉ ዋጋ፣ በመሸጡ ነው።

የሚቀጥለውን ጥንድ የምገዛው ከዳዩ የመለኪያ ሠንጠረዥ ጋር፣ በዚያው ዳይ ተንከባልሎ የወጣ ዘንግ የሁለቱም ጎኖች ልኬት ከቀረበልኝ ነው፤ በዳዩ ገጽ ላይም የትኛው ጎን እንዲገፋ እንደታሰበና በየት አቅጣጫ መዞር እንዳለበት በቀስት ተቀርጾ ማየት እፈልጋለሁ። ይህን ከማያቀርብ ሻጭ፣ ዋጋውን በግማሽ ቢቀንስልኝም አልገዛም።