ባለ 192 ቻናሏ የመብራት ኮንሶል፦ ለሰርግ አዳራሽ ትበቃለች፣ ቴአትር ላይ ትቸገራለች

መርካቶ የድምፅና የመብራት ዕቃ ሱቅ ገብቶ «የመብራት ኮንሶል አለ?» ላለ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ከመደርደሪያ የምትወርድለት ጥቁሯ ባለ 192 ቻናል ናት፤ የመድረክ መብራቶችን ከአንድ ቦታ የምታዝ ዕቃ ማለት ነው። ቻናል የሚባለው የአንድ መብራት አንድ ነገር፣ ድምቀቱ ወይም ቀዩ፣ ከ0 እስከ 255 በሚደርስ ቁጥር የሚታዘዝበት ነው። ካርቶኗ ላይ ያለው የአምራች ስም ይለያያል፤ ዕቃዋ ግን ያቺው አንዷ ናት፦ 12 የስካነር ቁልፍ (እያንዳንዱ አንድ የመብራት ዕቃ የሚመርጥ)፣ 8 ፌደር (የቻናሉን ቁጥር የሚያነሳና የሚያወርድ ተንሸራታች)፣ 8 የሲን ቁልፍ (ሲን የተመዘገበ የመድረክ መልክ ነው)፣ 30 ባንክ (ሲኖች የሚቀመጡበት ክፍል)፣ 6 ቼዝ (ተከታትለው የሚሮጡ ሲኖች)፣ ስፒድ (ሲኖች የሚቀያየሩበት ፍጥነት) እና ፌድ ታይም (የመሸጋገሪያው ርዝመት) የሚባሉ ሁለት ተንሸራታቾች፣ ቁጥር የሚያበራ ትንሽ ማሳያ። በ30 ባንክ ስምንት ስምንት ሲን ሲያዝ 240 ሲን ይሆናል። ፊቷ ላይ «ዲኤምኤክስ 512» (መብራቶች የሚታዘዙበት የሲግናል ስታንዳርድ ስም) ስለሚል 512 ቻናል የገዛ የሚመስለው አለ፤ እሷ የምትልከው ግን 192 ብቻ ነው፦ ለ12 ዕቃ 16 ቻናል።

ቦታዋን ላወቀላት ጥሩ ዕቃ ናት። አንድ የመድረክ መልክ መዝግባ በአንድ ቁልፍ መጥራት ትችልበታለች። ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው በዝግታና በሥርዓት መሸጋገር ግን አይሆንላትም። ሰርግ አዳራሽ፣ የምርቃት ፕሮግራም፣ የሆቴል ስብሰባና የባንድ መድረክ የሚፈልጉት የመጀመሪያውን ስለሆነ እዚያ ገንዘቧን ትመልሳለች። በ1948 ዓ.ም. ለብር ኢዮቤልዩ በተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር ወይም በሀገር ፍቅር መድረክ ላይ ተውኔት ለማብራት የሚያስብ አዘጋጅ ግን የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው። እዚያ ተመልካቹ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ የመጨረሻዋ ጭላንጭል እንዴት እንደጠፋች ያያል፤ በዚያች ቅጽበት ይቺ ኮንሶል ታሳፍራለች።

የሚበዛው ችግር የሚጀምረው ከአድራሻ፣ ማለትም አንድ ዕቃ ከሚነሳበት የመጀመሪያ ቻናል፣ ነው። ስካነር 1 ከቻናል 1 ይነሳል፣ ስካነር 2 ከ17፣ ስካነር 3 ከ33፤ እንዲህ 16 እየተጨመረ 12ኛው 177 ላይ ያርፋል። የኤልኢዲ ፓሩ (ቀለም የሚቀይረው የማይዞር መብራት) 7 ቻናል ብቻ ስለሚፈልግ «ቦታ እንዳይባክን» ብሎ ሁለተኛውን ፓር 8 ላይ ያስቀመጠ ሰው፣ ስካነር 2ን ተጭኖ ፌደር ሲያነሳ ምንም አይበራለትም። ሁለተኛው ፓር ስካነር 1 ውስጥ ነውና፤ ዲመሩ (የድምቀት ቻናሉ) ስምንተኛው ፌደር ላይ፣ ቀለሞቹ ፔጅ ቢ (ስምንቱ ፌደሮች ከ9ኛው እስከ 16ኛው ቻናል የሚያዙበት ገጽ) ላይ ተበትነዋል። ቦታ መቆጠብ ከተፈለገ ትክክለኛው መንገድ አንዱን ፓር 1 ላይ፣ ሌላውን 9 ላይ ማድረግ ነው። ያኔ ፔጅ ኤ የመጀመሪያው፣ ፔጅ ቢ የሁለተኛው ይሆናል፤ 8 ቻናል ወይም ከዚያ በታች የሚወስዱ 24 ፓሮችን ለየብቻ መቆጣጠር ይቻላል። ዲፕ ስዊች (አድራሻ የሚሰጥባቸው ትንንሽ ቁልፎች) ባላቸው የቆዩ ዕቃዎች ላይ ከ1ኛው እስከ 9ኛው ያሉት ቁልፎች 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64፣ 128 እና 256 ናቸው፤ 17ን ለመስጠት 1ኛውንና 5ኛውን፣ 177ን ለመስጠት 1ኛውን፣ 5ኛውን፣ 6ኛውንና 8ኛውን ወደላይ ማድረግ ነው።

ሙቪንግ ሄድ (በሞተር የሚዞር መብራት) ላላቸው ደግሞ የ16 ቻናሉ ገደብ ወሳኝ ነው። ሰርግ ላይ በብዛት የሚወጣው ባለ 230 ዋት ቢም (ቀጭን ጨረር የሚወረውር ሙቪንግ ሄድ) አብዛኛውን ጊዜ 16 እና 20 ቻናል ሞድ አለው። 20ው ላይ ከተተወ የመጨረሻዎቹ አራት ቻናሎች የሚቀጥለውን ስካነር ፌደሮች ይሻማሉ፤ አንዱን ስታነሱ የሌላው ጎቦ (በብርሃኑ ላይ ቅርጽ የሚያወጣው) ይዞራል። ወደ 16 መልሱት።

አመዘጋገቡ ቀላል ነው። ፕሮግራም የሚለውን ቁልፍ መብራቱ ብልጭ ብልጭ እስኪል ሦስት ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ፤ ስካነሩን መምረጥ፤ ፌደሮቹን ማንሳት፤ የዚያን ስካነር ቁልፍ አጥፍቶ ወደ ቀጣዩ መሄድ። ሁሉም ሲያምር ሚዲ/ሬክ የሚለውን ቁልፍ ነክቶ የሚቀመጥበትን የሲን ቁልፍ መጫን፤ መብራቶቹ ብልጭ ብለው መያዙን ይነግሯችኋል። ፓር ምንም ካልበራ መጀመሪያ ብላክአውት (ሁሉንም በአንዴ የሚያጨልመው ቁልፍ) አለመብራቱን፣ ቀጥሎ የፓሩ ዲመር ቻናል መነሳቱን እዩ፤ ቀይ ፌደር 255 ላይ ሆኖ ዲመሩ ዜሮ ከሆነ ጨለማ ነው። ሌላው የሚረሳው፣ ሲን የሚይዘው በመጨረሻ የነካችሁትን ዕቃ ብቻ ሳይሆን በዚያች ሰዓት ያለውን የሁሉንም ሁኔታ መሆኑ ነው። ለሙከራ ያነሳችሁት ስትሮብ (ብልጭ ብልጭ የሚያደርገው) ዜሮ ካልተመለሰ ሙሽሮች ሲገቡ አብሮ ይመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ድክመቷ። ፌድ ታይም እስከ 30 ሰከንድ ይሄዳል፤ ይህ በወረቀት ሲታይ ለተውኔትም የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን ፌዱ ሁለት አሠራር አለው፦ ወይ በሁሉም ቻናሎች ላይ ይሠራል፣ ወይ በፓንና ቲልት (ወደ ጎንና ወደ ላይ-ታች መዞር) እንቅስቃሴ ላይ ብቻ። የሚመረጠውም ኮንሶሏን አጥፍቶ፣ ብላክአውትና ታፕ ሲንክ የሚሉትን ቁልፎች አብሮ ይዞ በማብራት ነው። ብዙ ሰው ይህንን ስለማያውቀው «ፌዱ አይሠራም፣ ፓሩ ዱብ ይላል» ብሎ ዕቃውን ሊመልስ ይሄዳል፤ የተበላሸ ነገር የለም፣ በሁለተኛው አሠራር ላይ ስለተቀመጠች ነው። ወደ ሁሉም ቻናሎች ሲቀየር ፓሮቹ ለስለስ ብለው ይወርዳሉ። ያኔ ግን ቢሞቹ ይበላሻሉ። የቀለም ጎማ ከ10 ወደ 120 ሲሄድ በመሃል ያሉትን ቀለሞች ሁሉ አንድ በአንድ ያሳያል፤ ጎቦው እንደዚሁ፤ ሹተሩም (የብርሃኑ መዝጊያ) በስትሮብ ክልል ውስጥ ሲያልፍ ብልጭ ብልጭ ይላል። ትልልቆቹ ኮንሶሎች ለዲመር አምስት ሰከንድ፣ ለቀለም ጎማ ዜሮ ብሎ ለይቶ መስጠት ይችላሉ። እዚህ አንድ ተንሸራታች ለሁሉም ነው። ፓርና ቢም የሚደባለቅበት መድረክ ላይ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆናል፤ ቢሞቹ ጨለማ ውስጥ ሳሉ ቀለማቸውን የሚቀይር መሸጋገሪያ ሲን መሃል ላይ ማስገባት ጉዳቱን ይቀንሳል።

በኦቶ (ሲኖቹ ራሳቸው እየተቀያየሩ) ሲሮጥ ደግሞ ፌድ ታይም ከስፒድ መብለጥ የለበትም። ስፒዱ በየሁለት ሰከንዱ ሲን እየቀየረ ፌዱ አምስት ሰከንድ ከጠየቀ፣ የትኛውም ሲን ወደ ሙሉ መልኩ አይደርስም፤ መድረኩ ሁልጊዜ ደብዛዛና የተቀላቀለ ይመስላል።

ማስተር ፌደር (ሁሉንም በአንድ ላይ የሚያወርድ ተንሸራታች) የላትም፤ ይህ ከሁሉ በላይ የሚያስቆጭ ነው። ሁሉንም በእጅ ቀስ አድርጎ ማውረድ አይቻልም። ብላክአውት አለ፣ ግን እሱ ቆርጦ መጣል ነው። የሚረዳው ዘዴ በየባንኩ 8ኛውን ሲን ለጨለማ መመደብ ነው፤ ሲመዘገብ ግን ሁሉንም ፌደር ዜሮ አታድርጉ። ቀለሞቹ ባሉበት ይቆዩና ዲመሩ ብቻ ዜሮ ይሁን። አለበለዚያ አምበሩ (የቀይና የአረንጓዴ ድብልቁ) ሲወርድ አረንጓዴው ከቀዩ ቀድሞ ይጠፋና መጨረሻ ላይ የተዋናዩ ፊት ቀይ ሆኖ ይቀራል። ይህም ተደርጎ የመጨረሻው መውረድ ይንገጫገጫል፤ ዲመሩ 8 ቢት ስለሆነ ከ0 እስከ 255 ያሉት ደረጃዎች ብቻ ናቸው። ከ10 በመቶ ወደ ዜሮ በ20 ሰከንድ ሲወርድ የሚያልፈው 25 ያህል ደረጃ ነው፤ እያንዳንዱ 0.8 ሰከንድ ይቆያል፣ ዓይንም እያንዳንዱን ይቆጥረዋል። ራሱ ፓሩ ለውጡን የሚያለሰልስ ካልሆነ ከኮንሶሏ በኩል መድኃኒት የለውም።

ፕሮግራሙ የሚቀረጽ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ርካሽ የኤልኢዲ ፓር የሚደበዝዘው በፍጥነት እየበራና እየጠፋ ነው፤ ዝቅ በተደረገ ቁጥር የመጥፊያው ጊዜ ይረዝማል፣ ካሜራ ላይም የሚንቀሳቀስ ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ስድስት ፓር 20 በመቶ ላይ ከማቆም ሁለት ፓር 70 በመቶ ላይ ማቆም ይሻላል። ካሜራውም በ25 ፍሬም 1/50 ሹተር ላይ ይሁን፤ የከተማው ኃይል 50 ኸርትዝ ስለሆነ የአዳራሹ አምፖሎችም አብረው ይረጋጋሉ። ነጭ ለማግኘት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን እኩል 255 ላይ መስቀል ፊትን ያመዳል፣ የሀበሻ ቀሚሱንና ነጠላውን ሰማያዊ ያለብሰዋል። ቀዩን 255፣ አረንጓዴውን 180፣ ሰማያዊውን 120 አካባቢ አድርጋችሁ በካሜራው ማሳያ እያያችሁ አስተካክሉ። ነጭ ወይም አምበር ቻናል ያለው ፓር ከተገኘ የፊት ብርሃኑን ለእሱ ተዉለት። ነጭ ልብስ ብርሃን ስለሚመልስ፣ ሙሽራዋ ላይ ያለው ከጀርባዋ ካለው ብዙም መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ የጥልፉ ዝርዝር ይጠፋል።

ገመድ ላይ ቁጠባ አያዋጣም። የማይክ ገመድ ለአጭር ርቀት ይሠራል፤ ሲረዝም ግን መጨረሻ ላይ ያሉት ፓሮች መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ፣ ሰውም ፓሩን ይወቅሳል። 110 ወይም 120 ኦም የዲኤምኤክስ ገመድ ውሰዱ፤ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ በሰንሰለት ሂዱ፣ በዋይ ገመድ ለሁለት አትክፈሉ፣ በአንድ መስመር ላይ ከ32 ዕቃ አትለፉ። መጨረሻው ዕቃ መውጫ ላይ ቴርሚኔተር (የመስመሩን ጫፍ የሚዘጋ መሰኪያ) ይግባ። ሱቅ ከታጣ ወንድ ኤክስኤልአር (የዲኤምኤክስ ገመድ መሰኪያ) ገዝቶ በ2ኛና 3ኛ ፒን መካከል ባለ 120 ኦም ሬዚስተር መበየድ ነው። አንዳንዷ ኮንሶል ከጀርባ የፖላሪቲ መቀየሪያ አላት፤ ስታንዳርዱ 2ኛ ፒን ኔጌቲቭ፣ 3ኛ ፒን ፖዘቲቭ ነው፣ ከተገለበጠ ዕቃዎቹ ያብዳሉ ወይም ዝም ይላሉ።

የኃይሉ ነገር ለአዲስ አበባ አዳራሽ ዋና ጉዳይ ነው። ኮንሶሏ የምትሠራው ከ9 እስከ 12 ቮልት በሚሰጥ አዳፕተር ስለሆነ ፍጆታዋ ትንሽ ነው፤ የኮምፒውተር ዩፒኤስ ያለችግር ይሸከማታል። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ሲኖቹ ከሜሞሪ አይጠፉም፤ ያለ ዩፒኤስ ግን እንደ አዲስ ስለምትነሳ የነበራችሁበትን ባንክና ሲን መልሳችሁ መጥራት አለባችሁ። ባለ አርክ አምፖል ቢም ከዚህ የባሰ ነው፤ በትኩስነቱ ወዲያው አይነሳም፣ አሥር ደቂቃ ያህል መቀዝቀዝ ይፈልጋል። ስለዚህ ቢሞቹ ከመጀመሪያው በጄኔሬተር መስመር ላይ ይሁኑ። 1500 ዋት የጭስ ማሽን ብቻውን ወደ 7 አምፔር ይስባል፤ ኮንሶሏ ከተሰካችበት ዲቫይደር ላይ አትሰኩት።

ሱቅ ውስጥ ሳትከፍሉ ሁለት ፓር አሰክታችሁ ፈትኑ፤ አንዱ 1 ላይ፣ አንዱ 177 ላይ፣ ሁለቱንም የ12 ስካነር ጫፍ ለማየት። ፌደሮቹን እጅግ በዝግታ አንሱ፤ ማሳያው ላይ ቁጥሩ ከዘለለ ወይም ፌደሩ ቆሞ ቁጥሩ ከተንቀጠቀጠ ሌላ አስወጡ። ኤክስኤልአሩን ሰክታችሁ ትንሽ ወዝውዙት። ሁለት ሲን መዝግባችሁ ፌዱ በእጅ ስትጠሩትም ይሠራ እንደሆነ እዩ፤ ሁሉም ሥሪት አንድ አይደለም። ከዚያ ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰክታችሁ ሲኖቹ መኖራቸውን አረጋግጡ። ፊቷ ላይ የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለ ብዙ ጊዜ ለትንሽ የጠረጴዛ መብራት ነው፣ ሥራችሁን በፍላሽ ለማውጣት አይደለም። ስለዚህ የየሲኑን ቁጥሮች ደብተር ላይ ጻፉ።

ተውኔት ለምታበሩ፣ በዚሁ ገንዘብ ከሚገኙት ይልቅ ላፕቶፕ ላይ ኪውኤልሲ ፕላስ የሚባለውን የመብራት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር እመርጣለሁ። ነፃ ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪው (የመብራት ለውጥ) የመግቢያና የመውጫ ጊዜ ለየብቻ ይሰጣል፣ ስህተትም ተመልሶ ይስተካከላል። ኮምፒውተሩን ከመስመሩ ጋር የሚያገናኘውን የዩኤስቢ ዕቃ ስትመርጡ የራሱ ፕሮሰሰር ያለውን ውሰዱ፤ በጣም ርካሹ የሲግናሉን ጊዜ ለላፕቶፑ ስለሚተው ላፕቶፑ ሲጨናነቅ መብራቱ ይርገበገባል። ከትርዒቱ በፊት ዝማኔውን፣ እንቅልፉንና ስክሪን ሴቨሩን አጥፉ። በጀቱ አቮላይትስ ወይም ግራንድኤምኤ የሚባሉትን ትልልቅ ኮንሶሎች ለመከራየት ከፈቀደ ደግሞ አከራዩን የሶፍትዌሩን ቨርዥን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ቤት ውስጥ በአዲሱ ቨርዥን የሠራችሁት ፋይል በአሮጌው ላይ አይከፈትም፣ ያኔ ፕሮግራም የምታደርጉት ተመልካች እየገባ ይሆናል።