ማታ ዝቅ አድርጎ ለመስማት፦ ከዲጂታል የድምፅ መቆጣጠሪያ ጋር ስምንት ወር

የአምፕሊፋየሬ ድምፅ መቀነሻ አርጅቶ ነበር። ስነካው ኮሽ ኮሽ ይላል። ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ዝቅ ሳደርገው ደግሞ የግራው ስፒከር ቀድሞ ዝም ስለሚል ዘፈኑ በሙሉ ወደ ቀኝ ጥግ ይሸሻል። ውስጡ ያለው የካርቦን ንጣፍ ሲያልቅና አቧራ ሲይዝ የሚያመጣው ጣጣ ነው። ስለዚህ ከስምንት ወር በፊት ድምፁን በዲጂታል የሚቀንስ፣ ሪሞት ያለው ዳክ (ዲጂታል ድምፅን አምፕሊፋየር ወደሚቀበለው የኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይር መሣሪያ) ገዝቼ በላፕቶፑና በአምፕሊፋየሩ መካከል አስገባሁት።

የፈለግሁትን በመጀመሪያው ማታ አገኘሁ። ድምፁ የሚቀነሰው በስሌት ስለሆነ ግራና ቀኝ እኩል ይወርዳሉ። ክራሩ የቱንም ያህል ዝቅ ቢል ከመካከል አይነቃነቅም፤ ጣት ክሩን ሲለቅ የሚሰማው ትንሽ ንዝረት ሳይቀር ይደርሰኛል።

«በዲጂታል ሲቀነስ ጥራት ይሞታል» ሲባል እሰጋ ነበር። በየ6 ዴሲቤሉ ቅናሽ አንድ ቢት ያህል እንደሚጠፋ እውነት ነው፤ ቢት በበዛ ቁጥር ድምፁ በዝርዝር ይመዘገባል። ነገር ግን የሲዲ ቅጂ 16 ቢት ሲሆን መሣሪያው የሚሠራው በ24 ቢት ነው። 8 ቢት ትርፍ ማለት በስሌት 48 ዴሲቤል ማለት ነው፤ እኔ ከዚያ በታች ወርጄ አላውቅም።

ችግሩ የመጣው በሌላ በኩል ነው። መጀመሪያ ላይ አምፕሊፋየሩን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ቅነሳውን ሁሉ ለሪሞቱ ተውኩት። ሙዚቃው ሲቀንስ የዳኩ የራሱ ድምፅ ግን አብሮ አይቀንስም፤ ወንበሬ ላይ ሆኜ ሽሽ ሲል እሰማው ጀመር። ከዚህ የባሰው ቅዳሜ ከሰዓት መጣ። መብራት ሄዶ ሲመለስ መሣሪያው የነበረበትን ደረጃ ረስቶ በሙሉ ድምፅ ተነሣ። እናቴ ቡና እየቀዳች ነበር፤ ደንግጣ ጀበናውን ልትጥለው ምንም አልቀራት። እኔም ስፒከሮቹ ተቃጠሉ ብዬ ነበር። መብራት በሚመላለስበት አገር የሚሸጥ ዕቃ እንዲህ መሠራት አልነበረበትም፤ ይህ በጣም አናዶኛል።

አሁን የአምፕሊፋየሩን ቁልፍ ከሩብ ትንሽ አሳልፌ አቁሜዋለሁ፤ እዚያ ላይ ግራና ቀኝን አያዛባም። በሪሞቱ ቀን 10፣ ማታ 25 ዴሲቤል እቀንሳለሁ። ሽሽታው ጠፍቷል። መብራት ሲሄድ ግን ዛሬም መጀመሪያ የምነቅለው የአምፕሊፋየሩን ሶኬት ነው።