ሁለት ቢሮ፣ አንድ የውስጥ ስልክ፦ የትኛው አገናኝ ለማን ይስማማል?

ሁለት ቢሮ ያለው ድርጅት የሚፈልገው ነገር ግልጽ ነው። እዚህ 214 ሲነካ እዚያ የሒሳብ ክፍሉ ስልክ እንዲጠራ። ሙሉ ቁጥር መፈለግ የለ፣ የጥሪ ሒሳብ የለ። ወደዚህ የሚያደርሱት መንገዶች ግን ብዙ ናቸው፤ ሻጭ ደግሞ እጁ ላይ ያለውን ነው የሚያሞግሰው። እኔ ከዋጋ በፊት የማስቀድመው ጥያቄ አንድ ነው፦ በሁለቱ ቢሮዎች መካከል ያለው ግንኙነት ሲቋረጥ ቅርንጫፉ ያለ ስልክ መቆየት ይችላል?

አንድ ፒቢኤክስ ለሁለቱም

ፒቢኤክሱ፣ ማለትም የድርጅቱን የውስጥ ስልኮች እርስ በርስና ከውጭ መስመር ጋር የሚያገናኘው ማሽን፣ ዋናው ቢሮ ይቀመጣል። የቅርንጫፉ አይፒ ስልኮች (በኮምፒውተር መረብ የሚሠሩ ስልኮች) ከርቀት ይመዘገቡበታል። የሚገዛው አንድ ማሽን፣ የሚጠገነውም አንድ ማሽን ነው። የውስጥ ቁጥሮቹ አንድ ዝርዝር ውስጥ ስለሆኑ ጥሪ ማስተላለፍም፣ የድምፅ መልእክትም፣ የባልደረባ መስመር መያዙን የሚያሳየው መብራትም ብዙ ሳያደክሙ ይሠራሉ። አምስት ስድስት ስልክ ላለው ቅርንጫፍ ከዚህ የሚቀል የለም።

ችግሩ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ነው። የቅርንጫፉ ስልኮች በሙሉ ዝም ይላሉ። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች እንኳ መደዋወል አይችሉም፤ ጥሪያቸውን የሚያገናኘው ማሽን ሌላ ቦታ ነውና። በቸልታ የሚታለፍ ሌላም ነገር አለ። ከቅርንጫፉ ወደ አምቡላንስ ወይም እሳት አደጋ የሚደረግ ጥሪ፣ ለብቻው ካልተስተካከለ፣ በዋናው ቢሮ መስመር ነው የሚወጣው። ቢሮዎቹ የተለያየ ከተማ ከሆኑ እርዳታው ወደተሳሳተ አድራሻ ሊላክ ይችላል። በዚህ አልደራደርም፤ ለአደጋ ጊዜ ጥሪ ቅርንጫፉ የራሱ መውጫ መስመር ይኑረው።

ሁለት ፒቢኤክስ በትራንክ

እያንዳንዱ ቢሮ የራሱ ማሽንና የራሱ የውጭ መስመር ይኖረዋል፤ ማሽኖቹ በትራንክ፣ ማለትም ጥሪ ከአንዱ ወደ ሌላው በሚያሻግር መገናኛ፣ ይያያዛሉ። ግንኙነቱ ቢቋረጥ የሚቆመው ከቢሮ ወደ ቢሮ የሚደረገው ጥሪ ብቻ ነው። ሌላው ሥራ ይቀጥላል። በአንጻሩ ሁለት ማሽን መግዛትና መንከባከብ ይመጣል። ያ የመስመር መያዣ መብራትም በትራንክ ላይ እንዲሁ አያልፍም፤ ማሽኖቹ ከተለያየ ኩባንያ ከሆኑ ጨርሶ ላይሠራ ይችላል።

ትራንኩ አብዛኛውን ጊዜ ሲፕ ነው፤ ማሽኖች በመረብ ጥሪ ለማስጀመርና ለመዝጋት የሚግባቡበት የጋራ ደንብ ነው። ትልቁ ጥቅሙ የተለያየ ኩባንያ ማሽኖችን ማግባባቱ ነው። ጣጣው ፋየርዎል፣ ማለትም ወደ መረቡ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚቆጣጠረው ጠባቂ፣ ላይ ይመጣል። ሲፕ ጥሪውን የሚያስጀምረውን መልእክት በአንድ ፖርት (ቁጥር በተሰጠው የመረብ በር) ይልካል፤ የተለመደው 5060 ነው። ድምፁ ግን በሌሎች ፖርቶች ነው የሚሄደው። እነዚያ ፖርቶች ከተዘጉ ስልኩ ይጠራል፣ ይነሳል፣ ከዚያ አንዱ ወገን «ሄሎ፣ ሄሎ» እያለ ይቀራል፤ ሌላኛው ይሰማዋል፣ እሱ ግን የሌላኛውን ድምፅ አይሰማም። ብዙ ራውተሮች ላይ ሲፕ ኤኤልጂ የሚባል፣ የሲፕ መልእክቶችን መንገድ ላይ የሚያስተካክል ነገር አለ። ለማገዝ የተሠራ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ጥሪውን የሚያበላሸው እሱው ነው። እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ እሱን አጥፉት።

ሁለቱም ማሽኖች አስተሪስክ በሚባለው የፒቢኤክስ ሶፍትዌር ላይ የተሠሩ ከሆኑ፣ በሲፕ ፋንታ የአስተሪስክ የራሱ ደንብ የሆነው አይኤኤክስ2 አለ። መልእክቱም ድምፁም በአንድ ፖርት፣ በ4569፣ ስለሚያልፍ ፋየርዎሉ ላይ ሥራው ይቀላል። የብዙ ጥሪዎችን ድምፅ በአንድ ፓኬት (በመረብ የሚላክ የመረጃ ጥቅል) አጣምሮ መላክም ይችላል፤ ጠባብ መስመር ላይ ይሄ ትልቅ ቁጠባ ነው። ግን ከአስተሪስክ ቤተሰብ ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ነገ ማሽን የመቀየር ሐሳብ ካላችሁ ሲፕ ላይ ቆዩ።

አይፒ የማያውቅ የቆየ ፒቢኤክስ ያላችሁ በኢ1፣ ብዙ ጥሪ በአንድነት በሚሸከም ዲጂታል የስልክ መስመር፣ ማገናኘት ትችላላችሁ። አንድ ኢ1 በአንድ ጊዜ 30 ጥሪ ይይዛል፣ ድምፁም አይዋዥቅም። ለዚያ ብቻ መስመር መከራየት ግን ውድ ነው። ማሽኑን ሳይጥሉ ጌትዌይ (የቆየውን መስመር ወደ ሲፕ የሚቀይር ዕቃ) ጨምሮ ወደ ሲፕ መሻገር ብዙ ጊዜ የተሻለ ያዋጣል።

ክላውድ ፒቢኤክስም አለ፤ አገልግሎት ሰጪው በራሱ ማሽኖች ላይ በኢንተርኔት የሚያቀርበው ነው። ቢሮ ውስጥ የሚቀመጥ ማሽን የለም፣ ክፍያው ብዙ ጊዜ በተጠቃሚ ቁጥር በየወሩ ነው። ኢንተርኔቱ የማይታመን ከሆነ ግን፣ ቅርንጫፉም ሆነ ዋናው ቢሮ፣ ኢንተርኔቱ የተቋረጠበት ሁሉ ያለ ስልክ ይቀራል።

ቪፒኤን ይጨመር?

ቪፒኤን ሁለቱን ቢሮዎች በኢንተርኔት ላይ በተመሰጠረ የግል መንገድ የሚያገናኝ ነው። ይጨመር? አዎ። 5060ን ለመላው ዓለም ከፍቶ መተው አደጋ ነው። ክፍት ፒቢኤክስ የሚያድኑ ፕሮግራሞች ኢንተርኔቱን ሌት ተቀን ያስሳሉ። የይለፍ ቃል ከገመቱ በእናንተ ሒሳብ ውድ የውጭ አገር ጥሪ ይደውላሉ፤ እናንተ የምታውቁት ሒሳቡ ሲመጣ ነው። ቪፒኤን ይህን በር ይዘጋል፤ የአንድ ወገን ድምፅ ጣጣውንም በአብዛኛው ይፈታል። ዋጋው እያንዳንዱ ፓኬት ትንሽ መክበዱ ነው።

የመስመር ስፋቱን ስታሰሉ እንዲህ ያዙት። ድምፅ ወደ ዲጂታል የሚቀየርበት መንገድ ኮዴክ ይባላል። በጂ.711 ኮዴክ አንድ ጥሪ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ወደ 87 ኪሎቢት በሰከንድ ይወስዳል፤ ድምፁን ይበልጥ በሚያጨምቀው ጂ.729 ወደ 31። 10 ጥሪ በአንድ ጊዜ ማለት 870 ወይም 310 ኪሎቢት ነው፣ የቪፒኤኑ ትርፍ ሳይጨመር። የሚያንሰው ብዙ ጊዜ የመላኪያው ፍጥነት ስለሆነ እሱን አይታችሁ ወስኑ። መስመሩ ከቻለ ጂ.711ን እመርጣለሁ፤ ድምፁ ጥርት ይላል። መዘግየቱ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ ካለፈ ሰዎች ንግግር መሻማት ይጀምራሉ። ራውተሩም ለድምፅ ቅድሚያ ይስጥ፤ አለበለዚያ አንድ ሰው ትልቅ ፋይል ሲልክ ጥሪው ይቆራረጣል።

እንግዲህ ቅርንጫፉ ትንሽ ከሆነና አልፎ አልፎ ያለ ስልክ መቆየት ከቻለ አንዱ ፒቢኤክስ ይበቃዋል። ደንበኛ የሚደውልለት፣ ብዙ ሰው ያለበት ከሆነ ሁለት ፒቢኤክስ በሲፕ ትራንክ፣ በቪፒኤን ውስጥ። የእኔ ምርጫ ይህ ነው።

ሁለት ማሽን ከመረጣችሁ ቁጥሮቹን ቀድማችሁ ለዩ። አንዱ ቢሮ ከ100 እስከ 199፣ ሌላው ከ200 እስከ 299 ቢይዝ ማሽኑ በመጀመሪያው አሃዝ ብቻ መንገዱን ያውቃል። ሁለቱም ቢሮ 101 ካለውና መቀየር ካልተቻለ፣ ወደ ሌላው ቢሮ ሲደወል 8 ይቀድማል፤ ማሽኑ 8ን ቆርጦ 101ን ያሻግራል። ያኔ ከሌላው ቢሮ 101 ሲደወል በተቀባዩ ስልክ ላይ የሚታየው የደዋዩ ቁጥርም 8101 መሆን አለበት። 101 ብቻ ከታየ፣ ያመለጠውን ጥሪ የሚመልሰው ሰው የሚያገኘው የራሱን ቢሮ 101 ነው። ሥራውን ከመረከባችሁ በፊት ከሁለቱም ቢሮ ደውሉ፣ አታንሱ፣ ከዚያ ካመለጡ ጥሪዎች ዝርዝር ላይ መልሳችሁ ሞክሩት።