ደሴ ላይ ጌጁ 33፣ ስክሪኗ 29፦ ስምንት ወር ከጎማ ንፋስ መቆጣጠሪያ ጋር

አዲስ ቸርኬ ያስገጠምኩት ጥቅምት ላይ ነው። አራት አሎይ ከነጎማቸው። መኪናዬ ራቭ ፎር ናት፤ የጎማ ንፋስ ሲቀንስ ዳሽቦርድ ላይ መብራት ታበራለች። አሮጌዎቹን ቸርኬዎች ለባልደረባዬ ሸጥኩለት። ሴንሰሮቹም አብረው ሄዱ። ሴንሰሩ የሚቀመጠው ጎማው ውስጥ፣ ከቫልቩ ሥር ነው። ጎሚስታውም አላነሳው፣ እኔም አልጠየቅኩም። አዲሶቹ ላይ ተራ የላስቲክ ቫልቭ ገባ።

በማግስቱ መብራቷ አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም አለችና በርታ ቀረች። እንዲህ ስታደርግ ጎማ ቀንሷል ማለቷ አይደለም፤ ሲስተሙ ሴንሰሮቹን አጥቷቸዋል። ንፋስ ቀንሶ ቢሆን ሳትብለጨለጭ ነበር የምትበራው።

የውስጥ ሴንሰር ልግዛ ብዬ ጠያየቅኩ። መጀመሪያ ሴንሰሩ ከመኪናው ጋር የሚገናኝበት የሬዲዮ ሞገድ መግጠም አለበት፦ ለአሜሪካ የተሠራ መኪና አብዛኛውን ጊዜ 315 ሜጋኸርዝ ይጠቀማል፣ ለአውሮፓ የተሠራው 433። ያ ቢገጥም እንኳ የእያንዳንዱ ሴንሰር ቁጥር በማሽን መኪናው ኮምፒውተር ላይ መመዝገብ አለበት። ይህን የሚሠራልኝ ሰው ደሴ ውስጥ አላገኘሁም። ስለዚህ ከውጭ የሚገጠመውን ገዛሁ። አራት ትንንሽ ሴንሰሮች በቫልቭ ክዳን ፋንታ ይታሰራሉ። በፀሐይ የምትሞላ ስክሪን ደግሞ ዳሽቦርድ ላይ ትቀመጣለች።

መጀመሪያ ቀን ተጣላን። የሹፌሩ በር ጎን ላይ የተለጠፈው ወረቀት የጎማው ንፋስ 33 ፒኤስአይ ይሁን ይላል። ፒያሳ አካባቢ ያለው ጎሚስታ ልጅ በጌጁ፣ በእጅ መለኪያው፣ 33 ሞላልኝ። ስክሪኗ 29 አለች። ጨምር አልኩት። «ወላሂ ጋሼ፣ ጌጄ ትክክል ነው» አለኝ። አላመንኩትም። ስክሪኗ 33 እስክትል አስሞላሁ። ሳምንቱን ሙሉ መኪናዋ በእያንዳንዷ ጉድጓድ ትዘል ነበር። ልጁ ነበር ትክክል።

የገባኝ በኋላ ነው። ጌጅ የሚለካው ጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። የእኔ ሴንሰር ግን ሙሉውን ግፊት ይለካና የባሕር ጠለል አየርን፣ 14.7 ፒኤስአይን፣ ይቀንሳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የውጭው አየር 11 ፒኤስአይ እንኳ አይሞላም። አራቱ ቁጥር የጠፋው እዚያ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ባደርኩበት ቀን ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለካሁ፦ በጌጅ 33፣ በስክሪን 30። ወደ ባቲ ስትወርዱ ልዩነቱ ከዚህም ይጠብባል። ሁሉም ዕቃ እንዲህ አይደለም፤ የገዛችሁትን በጥሩ ጌጅ አስተያዩት። እኔ አሁን በጌጅ አስሞላለሁ፣ ስክሪኗን ለውጡን ለማየት እጠቀምባታለሁ። ማስጠንቀቂያውንም 25 ላይ አድርጌዋለሁ።

የሀረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ስገባ ስክሪኗ ላይ 29 የነበረው 33 ይደርሳል። ጎማው ስለሞቀ ነው። እባካችሁ በዚያ ሰዓት ንፋስ አታስተንፍሱ። ማታ ደሴ ተመልሶ ሲቀዘቅዝ ጎማችሁ የጎደለ ይሆናል።

የካቲት ላይ ከሐይቅ ስመለስ የኋላ ቀኙ 29 የነበረው 27 ሆነ። ሌሎቹ ሦስቱ ሞቀው ወደ ላይ እየወጡ ነበር። አንዱ ብቻ ሲወርድ ልቤ ደንገጥ አለ። 25 ላይ ጮኸች። ዳር ይዤ ወረድኩ። በዓይን ሲታይ ጎማው ደህና ነው፣ ተረከዙ ላይ ትንሽ ሆድ ብቻ አውጥቷል። እጄን ሳዞርበት የሚስማር ራስ ነካሁ። ቱብለስ ጎማ ተንፍሶ ከተነዳ ጎኑ ይደቅቃል፣ ከዚያ በኋላ መጣል ነው። የእኔው በአንድ መወተፊያ ዳነ። ለዚህች ቀን ብቻ ብገዛው አይቆጨኝም።

የማልወድለትም አለ። ክዳኑ የቫልቩን መርፌ ሁልጊዜ ተጭኖ ይይዛል። ውስጡ ያለችው ላስቲክ ከተበላች በራሱ በሴንሰሩ በኩል ይተነፍሳል። የፊት ግራው እንዲህ ሆኖብኝ በሳሙና ውሃ አረፋ ነው ያገኘሁት። የበልግ ጉም ደሴን ሲሸፍን ደግሞ ስክሪኗ ትጠፋለች፣ በቻርጀር መሙላት ግድ ነው። ንፋስ ለመሙላት መጀመሪያ ሌባ ሴንሰሩን እንዳይፈታው የምታጠብቀው ብሎን መፈታት አለባት። ለዚያ የምትሆነውን ትንሽ ቁልፍ ጎሚስታ የለውም፤ መኪና ውስጥ ያዙ። ስኮርታው ሴንሰር የለውም። የመኪናዋ የራሷ መብራትም እስካሁን እንደበራ ነው።

ባልደረባዬ የድሮዎቹን ሴንሰሮች አውልቄ ልመልስልህ ብሎኝ ነበር። ቸርኬውን ስሸጥ ባወጣቸው ኖሮ ወደ አዲሱ ይዛወሩ ነበር። አሁን ግን 9 ዓመት ሆኗቸዋል። ባትሪያቸው ውስጥ የታሸገ ነው፣ አይቀየርም። ዕድሜውም ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው። ተወው አልኩት።