የቼፋሉዋ ሲኞራ፣ እግዜር ይስጥልን

እናቴ 72 ዓመቷ ነው። እስካለፈው ክረምት ድረስ ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም ነበር። ላንጋኖ ሄዳለች፣ ሐዋሳም ሄዳለች። ባሕርን ግን የምታውቀው በቴሌቪዥን ነው። እኔ ወደምኖርበት ፍራንክፈርት ልትጠይቀኝ ስትመጣ "የት ልውሰድሽ?" አልኳት። ፓሪስ ትለኛለች ብዬ ነበር። "ባሕር አሳዪኝ፣ ሌላ አልፈልግም" አለች።

አሳየኋት። ግን ብቻዬን አይደለም ያሳየኋት። አንዲት የሲሲሊ እናት ባይኖሩ ኖሮ ያ ሳምንት በለቅሶ ባለቀ ነበር። ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለማመስገን ነው። ወላጆቹን ይዞ ወደዚያ ለመሄድ የሚያስብ ካለ ደግሞ ቤታቸውን ልጠቁመው እፈልጋለሁ።

የሄድነው ቼፋሉ ነው። በሲሲሊ ሰሜን ዳርቻ፣ ከፓሌርሞ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ የምትርቅ ትንሽ ከተማ ናት። ከፊቷ ባሕር፣ ከጀርባዋ ላ ሮካ የሚባል 270 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው አለት አለ። ከተማዋ በሁለቱ መሀል ተሸጉጣለች። የመረጥኳት ሁሉም ነገር ቅርብ ለቅርብ ስለሆነ ነው። ባቡር ጣቢያው እዚያው ከተማው ውስጥ ነው። ባሕሩም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ገበያውም በእግር ይደረሳል። ጉልበቷን ለሚያማት ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

መጀመሪያ የያዝነው ቤት ግን ጉድ ሠራን። በኢንተርኔት ስከራይ እናቴ ደረጃ እንደማትችል ጽፌ ነበር። "ችግር የለም" የሚል መልስም መጥቶልኛል። ስንደርስ ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። አከራዩ ስልክ አያነሳም። ቀኑ በፈረንጆቹ ኦገስት 4 ነበር። በዚያ ሰሞን ቼፋሉ ውስጥ ባዶ ክፍል መፈለግ በበዓል ዋዜማ መርካቶ ውስጥ መኪና ማቆሚያ እንደመፈለግ ነው።

እናቴን ካቴድራሉ ፊት ካለው አደባባይ፣ ዘንባባው ጥላ ሥር አስቀመጥኳት። ከዚያ እየዞርኩ በር ማንኳኳት ጀመርኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ባዶ እጄን ስመለስ እናቴ ብቻዋን አልነበረችም። የገበያ ዘንቢል የያዙ አዛውንት ሴት አጠገቧ ተቀምጠዋል። እናቴ በአማርኛ፣ እሳቸው በሲሲሊኛ፣ ሁለቱም ጉልበታቸውን እየነካኩ ያወራሉ። ደግሞ ይግባባሉ!

በስልኬ አስተርጓሚ ጉዳያችንን ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ኑ" አሉ።

ሲኞራ (እናቴ እንዲህ ነው የምትጠራቸው፣ እኔም እንዲሁ ልቀጥል) ባለቤታቸው ከሞቱባቸው በኋላ ከቤታቸው ሁለት ክፍል እያከራዩ ነው የሚኖሩት። ሁለቱም ክፍሎች ፎቅ ላይ ናቸው። አንዱ ለዚያ ሳምንት ባጋጣሚ ተሰርዞ ነበር። ምድር ላይ ያለው የራሳቸው መኝታ ነው። እሱን ለእናቴ ለቀቁላትና እሳቸው ፎቅ ላይ ወጡ። "ኧረ አይሆንም" ብለን ብንለምን፣ ብንለምን፣ አልሰሙንም። ሻንጣችንን የወንድማቸው ልጅ በአፔ አመጣልን። አፔ ጣሊያኖች በጠባብ መንገድ ዕቃ የሚያመላልሱባት ባለ ሦስት እግር መኪና ናት። የኛን ባጃጅ ትመስላለች። ስሟ በጣሊያንኛ ንብ ማለት ነው። እናቴ እሷን ስታይ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ማታ ሁለቱ ወጥ ቤት ገብተው ቃላት ማመሳከር ጀመሩ። እናቴ "ፎርኖ" ትላለች፣ ሲኞራ ምድጃቸውን ያሳያሉ። እናቴ "ሳልሳ"፣ እሳቸው ማሰሮውን ይከፍታሉ። "ፌርማታ"፣ "ካልሲ"፣ "ማኪያቶ"። እነዚህ ቃላት እንዴት ወደኛ እንደመጡ ሁላችንም እናውቃለን። እናቴም ታውቃለች፣ አባቷ አርበኛ ነበሩ። ያን ማታ ግን ሁለት አሮጊቶች በዚያው ቃል የወጥ አሠራር ሲጠያየቁ ቁጭ ብዬ አየሁ። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

አሁን ወደ በዓሉ ልምጣ። የቼፋሉ ካቴድራል የተሰየመው በምን ይመስላችኋል? በደብረ ታቦር! ጌታችን ብርሃነ መለኮቱን በገለጠበት በዓል። ታሪኩን የነገሩን ሲኞራ ናቸው። የሲሲሊው ንጉሥ ሮጀር ሁለተኛ በባሕር ላይ ማዕበል ይዞት፣ በሕይወት ከወጣሁ ባረፍኩበት ቦታ ቤተ ክርስቲያን እሠራለሁ ብሎ ተሳለ ይባላል። ያረፈው ቼፋሉ ነው። ስለቱ አፈ ታሪክ ነው፤ የመሠረቱ ድንጋይ በ1131 መጣሉ ግን እርግጥ ነው። እነሱ በዓሉን የሚያከብሩት ኦገስት 6 ነው። የኛ ቡሄ ነሐሴ 13፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 19 ነው። በዓሉ አንድ ነው፣ የዘመን አቆጣጠሩ ነው 13 ቀን ያራራቀን። እናቴ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። "ታዲያ ምን እንጠብቃለን?"

ሲኞራ ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ ወሰዱን። ገብታችሁ ቀጥ ብላችሁ ወደ መቅደሱ ግማሽ ጉልላት እዩ። በ1148 ያለቀ የወርቅ ሞዛይክ ነው። ጌታችን በቀኝ እጁ እየባረከ፣ በግራው የተከፈተ ወንጌል ይዟል። አንደኛው ገጽ በግሪክ፣ ሌላኛው በላቲን ተጽፏል። ሲኞራ ላቲኑን እያነበቡ በጣታቸው ብርሃኑን አሳዩን። እናቴ ወዲያው "እኔ የዓለም ብርሃን ነኝ" አለች። ልክ ነበረች፣ ዮሐንስ 8፥12 ነው። ዝቅ ብሎ እመቤታችን እጆቿን ዘርግታ ትጸልያለች፣ ሊቃነ መላእክት በግራና በቀኟ ቆመዋል፣ ከዚያ በታች ሐዋርያት። እናቴ ለአርባ ደቂቃ ያህል አልተንቀሳቀሰችም። ብዙ ጎብኚ ፎቶ አንስቶ በሁለት ደቂቃ ይወጣል። እባካችሁ እንደዚያ አታድርጉ። ተቀመጡ፣ ዓይናችሁ ብርሃኑን ይልመድ። ትከሻችሁንም ሸፈን አድርጉ።

ከሰዓት በኋላ ወደ አሮጌው ወደብ ወረድን። በዚያ ቀን የሚደረግ ውድድር አላቸው። ከባሕሩ በላይ አግድም የተዘረጋ፣ ቅባት የተቀባ ረጅም ግንድ አለ። ወጣቶች በባዶ እግራቸው እየተራመዱበት ጫፉ ላይ ያለውን ባንዲራ ለመያዝ ይሞክራሉ። አንዱ ሦስት እርምጃ ሄዶ ባሕር ውስጥ ይወድቃል፣ ሌላው አምስት። ሕዝቡ ይጮኻል። እናቴ በጭብጨባ "ሆያ ሆዬ" ማለት ስትጀምር አጠገባችን የነበሩ ልጆች ተቀበሏት።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር፣ በኛ ሐምሌ 30። ማታ ሲኞራ በሪኮታ አይብ የተሞላ ካኖሊ አቀረቡ። እናቴ ሁለት በላች። "ቅበላዬ ነው" አለች። በማግስቱ ፍልሰታ ይገባል።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ የፈራሁት ይህን ነበር። የባሕር ዳር ከተማ ምግብ ዓሣ ነው፣ አይብ ነው፣ ቅቤ ነው። እናቴ ደግሞ ፍልሰታን ከልጅነቷ ጀምሮ ገድፋ አታውቅም። ነሐሴ 1 ቀን ሲኞራ ቆንጆ ሰርዲን ጠብሰው አቀረቡ። እናቴ ሳህኑን በአክብሮት ገፋ አደረገች። ሲኞራ ግራ ገባቸው። በእነሱ ዘንድ ዓሣ የጾም ምግብ ነው። ስነግራቸው ቅር ይላቸዋል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አደረጉና ደብተር አመጡ። ምን እንደማይበላ አንድ በአንድ አስጻፉኝ። ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ አይብ፣ ቅቤ፣ እንቁላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም። በገጹ አናት ላይ በላቲን ፊደል "ጾም" ብለው ጻፉና እናቴ እስክታርማቸው ድረስ ደጋገሙት።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ምሳችን በኛ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ካፖናታ ሠሩ። ደብርጃን፣ ሰለሪ፣ የወይራ ፍሬና ቲማቲም በሆምጣጤና በትንሽ ስኳር የሚበስል ነው፣ ቀዝቅዞ ይበላል። ባቄላ በፓስታ ሠሩ። ከሁሉ በላይ ግን ፓኔሌ! የሽምብራ ዱቄት በውኃ ተገንፍቶ፣ ጠፍጥፎ፣ በዘይት የሚጠበስ የፓሌርሞ መንገድ ምግብ ነው። ዱቄቱ ድስት ውስጥ ሲገነፋ እናቴ ከክፍሏ ወጣች። "ሽሮ ሸተተኝ" አለች። ሄዳ ማማሰያውን ከሲኞራ እጅ ተቀበለች።

ግራኒታ የሚባለውን የሲሲሊ በረዶም ጠይቁ። የሎሚና የለውዝ ይሻላል። በባህላዊው አሠራር ውኃ፣ ስኳርና ፍሬው ብቻ ነው፣ ለጾም ይሆናል። አብሮት የሚቀርበው ብሪዮሽ ዳቦ ግን ቅቤና እንቁላል አለው። ሲኞራ ይህንንም አስበው በሱ ፋንታ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ዳቦ ገዝተው ይጠብቁን ነበር። እኛ ሳንጠይቅ።

አንድ ከሰዓት እናቴን ይዘው ወደ መካከለኛው ዘመን የልብስ ማጠቢያ ወረዱ። ቪያ ቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ ላይ ነው። መግቢያው ነጻ ነው። የጥቁር ድንጋይ ደረጃ ጥቂት ስለሆነ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወረዱ። ታች ከአለት የተጠረቡ ገንዳዎች አሉ። ውኃው ከብረት አፎች ይወርዳል፣ ብዙዎቹ የአንበሳ ራስ ናቸው። ውኃው ቀዝቃዛ ነው፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ባሕሩ ይገባል። ሲኞራ እናታቸው እዚያ ያጥቡ እንደነበር በእጃቸው ምልክት አሳዩ። እናቴ ድንጋዩ ላይ እጇን አሽታ ልጅ ሆና ወንዝ ወርዳ ስታጥብ የነበረውን አሳየቻቸው። እዚያ ላይ አስተርጓሚ አላስፈለገም።

ባሕሩስ? ቼፋሉ ረጅም የአሸዋ ዳርቻ አላት። ጃንጥላና አልጋ በኪራይ የሚሰጥበት ክፍል አለ፣ ማንም ፎጣውን ዘርግቶ በነጻ የሚተኛበትም አለ። በቀን አትሂዱ፣ በኦገስት ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሲኞራ ያወጡን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ከቤት የፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው መጡና ማዕበሉ የሚደርስበት ላይ አስቀመጡት። እናቴ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች። ውኃው መጥቶ እግሯን ሸፈነ፣ ተመለሰ። ጎንበስ ብላ በጣቷ ቀመሰችው። "እውነትም ጨው ነው" አለች። ከዚያ ዝም። ሲኞራም ዝም ብለው ከጎኗ ቆሙ። እስኪጨልም እዚያው ነበርን።

እኔ ብቻዬን ሁለት ነገር አይቻለሁ። አንዱ ላ ሮካ ነው። በጠዋት ውጡ፣ ደህና ጫማ አድርጉ፣ ውኃ ያዙ። ግማሽ መንገድ ላይ የዲያና ቤተ መቅደስ የሚባል ከግዙፍ ድንጋዮች የተሠራ ጥንታዊ ፍርስራሽ ታገኛላችሁ። ከዚያ በላይ ያለው እይታ ድካሙን ያስረሳል። ጉልበት ለሚያመው ግን አይሆንም። ሌላው ማንድራሊስካ ሙዚየም ነው። ትንሽ ነው፣ እዚያ ያለው ሠዓሊው አንቶኔሎ ዳ ሜሲና የሣለው ሥዕል ግን ብቻውን ያስሄዳል። ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ፈገግ ብሎ በቀጥታ ያያችኋል። ሥዕሉ በሊፓሪ ደሴት የመድኃኒት ቤት ቁም ሣጥን በር ሆኖ ነበር ይባላል።

ለመንገዱ ደግሞ፦ ከፓሌርሞ አየር ማረፊያ በባቡር ወደ ፓሌርሞ ቼንትራሌ፣ ከዚያ ወደ ቼፋሉ። የወረቀት ትኬት ከገዛችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ላይ ባለው ማሽን ማስመታት አትርሱ፣ አለበለዚያ ያስቀጣል። ፓስፖርትም ያዙ። ጣሊያን ውስጥ ማንኛውም አከራይ እንግዳውን ማስመዝገብ ግዴታው ነው፣ ሲኞራም ገና በዚያው ማታ ጠይቀውናል።

ቤቱ ቅንጡ አይደለም። መታጠቢያው ጠባብ ነው፣ ጠዋት ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይቀሰቅሳል። ንጽሕናው ግን የሚያስመሰግን ነው። ለሁለታችን ቁርስ ጨምሮ በቀን 85 ዩሮ ከፍለናል። ለምሳው አልቀበልም ብለው ስንት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ እናቴ ገንዘቡን የሽምብራ ዱቄቱ ዕቃ ውስጥ ደብቃ ወጣች።

ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ለምነውኛል። ስልካቸውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ በደስታ እሰጣለሁ። ለኦገስት ከሆነ ቀደም ብላችሁ ደውሉ። ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። እንግሊዝኛ አይችሉም። ጣሊያንኛ ባትችሉም አትጨነቁ። በጾም ወቅት የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ "ጾም" በሏቸው። ደብተሩን ያወጣሉ።