የወንድሜን ቆዳ ለመረመሩት የቆዳ ሐኪምና ፓቶሎጂስት የቀረበ ምስጋና

ወንድሜ ከአልቢኒዝም ጋር የተወለደ ሲሆን፣ የሚተዳደረው ገበያ ደጅ ላይ ጫማ በመሸጥ ነው። ፊቱና የጆሮው ጠርዝ ላይ ሻካራ፣ ቅርፊት የሚያወጡ፣ ቅርፊታቸው ቢነሳም መልሰው የሚወጡ ምልክቶች ከታዩበት ቆይቷል፤ ቀደም ሲል የሄደባቸው የሕክምና ቦታዎች የፀሐይ ቃጠሎ ነው በማለት ቅባት ሰጥተው ይሸኙት ነበር። በአለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ክፍል ያገኘናቸው ሐኪም ግን እያንዳንዱን ምልክት በጣታቸው ዳሰው ካዩ በኋላ ከሦስቱ ናሙና ወስደው፣ የቆዳ ካንሰር መኖር አለመኖሩ እንዲታወቅ ለፓቶሎጂ ምርመራ፣ ማለትም ሕዋሳቱ በማጉያ መሣሪያ እንዲታዩ፣ ላኩ። ይህን ምስጋና የምጽፈው ለእሳቸው፣ ከእሳቸውም እኩል አብዛኛው ታካሚ ፊታቸውን ሳያይ ለሚያልፋቸው፣ ናሙናውን ለመረመሩት ፓቶሎጂስት ነው።

ፓቶሎጂስቷ ውጤቱን በወረቀት ብቻ መላክ ይችሉ ነበር። ወንድሜ ምን እንደሆነ መረዳት እፈልጋለሁ ሲላቸው ግን አስገቡን፤ ዓይኑ ደካማ መሆኑንም ስላስተዋሉ ምስሉን በስክሪን ላይ አጉልተው አሳዩት። መጀመሪያ ያሳዩን ከናሙናው ዳር ያለውን ጤነኛ ቆዳ ነበር። በላይኛው ቆዳ ግርጌ የተደረደሩት ሕዋሳት ይከፋፈላሉ፤ አዲሶቹ ወደ ላይ እየተገፉ ይጠፈጠፋሉ፣ ኒውክለሳቸውን (የሕዋሱን እምብርት) ያጣሉ፣ በመጨረሻም ደረቅ ሽፋን ሆነው ይረግፋሉ፤ ይህ ጉዞ በአማካይ አንድ ወር ገደማ ይፈጃል። በሌላው ሰው ቆዳ ሜላኒን የተባለው ቀለም በእያንዳንዱ ሕዋስ ኒውክለስ ላይ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ የፀሐይን ጨረር ይከላከላል። በወንድሜ ቆዳ ውስጥም ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት አሉ፤ ነገር ግን ቀለሙን በበቂ ሁኔታ ማምረት አይችሉም።

ከዚያ በኋላ የነገሩን ነገር ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በኒውክለሱ ውስጥ ባለው፣ የሕዋሱን የዘር መመሪያ በያዘው የዲኤንኤ ሰንሰለት ላይ ጎን ለጎን የሚገኙ ክፍሎችን ያጣብቃል። ሕዋሱ አብዛኛውን ጉዳት ይጠግናል፤ ጉዳቱ ከጥገና በላይ ሲሆን ደግሞ ፒ-53 የተባለው ፕሮቲን መከፋፈሉን ያስቆመዋል ወይም ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርገዋል። ጉዳቱ ፒ-53ን በሚያዝዘው ጂን ላይ ሲያርፍ ግን ሕዋሱ መሞት ሲገባው አይሞትም። በቀጣዩ ፀሐይ ጤነኞቹ ጎረቤቶቹ እየሞቱ ቦታ ሲለቁለት፣ እሱና ከእሱ የተከፋፈሉት ያንን ቦታ ይወርሳሉ፤ በየጊዜውም ሌላ ጉዳት ይጨመርባቸዋል። በዚህም ምክንያት የቆዳ ካንሰር አንድ ቀን በደረሰ ቃጠሎ ሳይሆን በዓመታት ክምችት የሚመጣ ለውጥ መሆኑን አስረዱን።

ሦስቱ ናሙናዎች ይህንኑ መንገድ በተለያየ ደረጃ አሳዩን። ከጉንጩ በተወሰደው ላይ በግርጌ ያሉት ሕዋሳት መጠናቸው ተዘባርቆ፣ ኒውክለሳቸው ተልቆና ጠቁሮ ይታያል፤ ከላይ ያለው ደረቅ ሽፋንም መጥፋት የነበረበትን ኒውክለስ ይዞ ቀርቷል። ይህ ገና ካንሰር አይደለም፤ አብዛኛው እንዲህ ያለ ምልክት ወደ ካንሰር አይለወጥም፣ አንዳንዱም ራሱ ይጠፋል፤ የትኛው እንደሚለወጥ ግን በዓይን አይቶ መናገር ስለማይቻል መታከም አለበት አሉን። ከግንባሩ በተወሰደው ላይ ዝብርቅርቁ ከግርጌ እስከ አናት ሞልቶ፣ መከፋፈል በማይገባቸው የላይኛው ደረጃ ሕዋሳት ላይ ሳይቀር መከፋፈል ይታያል፤ ሆኖም የላይኛውን ቆዳ ከታችኛው የሚለየው ስስ ሽፋን አልተጣሰም። ከጆሮው በተወሰደው ላይ ግን ሕዋሳቱ ሽፋኑን በሚያሟሙ ኢንዛይሞች ቀድደው ወደ ታችኛው ቆዳ በቡድን በቡድን ገብተዋል፤ በመካከላቸውም የቆዳውን ጠንካራ ንጥረ ነገር፣ ኬራቲንን፣ በክብ በክብ ጠቅልለው ይታያሉ። ያ ስስ ሽፋን የሚለየው ትልቅ ነገር ነው፤ የደም ሥሮችና የሊምፍ ቱቦዎች የሚገኙት ከእሱ በታች በመሆኑ፣ ካንሰሩ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የመሄድ ዕድል የሚያገኘው እሱን ካለፈ በኋላ ነው።

የጉንጩ ምልክት እጅግ ቀዝቃዛ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጂን ተቃጥሎ ዳነ። የግንባሩና የጆሮው በቀዶ ሕክምና ወጡ፤ ፓቶሎጂስቷም የወጣውን ሥጋ ጠርዝ በሙሉ መርምረው ካንሰር ያልነካው መሆኑን አረጋገጡ። የጆሮው በጊዜ የተደረሰበት ስለነበር ሌላ ሕክምና አላስፈለገውም፤ ክትትሉ ግን ይቀጥላል።

አለርት በ1965 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ በመሆኑ፣ እስከ ዛሬም ስሙን ሰምቶ ለመሄድ የሚያመነታ ሰው አለ። እባካችሁ አታመንቱ። በተለይ ከአልቢኒዝም ጋር የሚኖር ልጅ ያላችሁ ወላጆች ምልክት እስኪወጣ ሳትጠብቁ ውሰዱት፤ ሰፊ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ከልጅነቱ ጀምሮ ይልበስ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ጨረሩ ብርቱ ነው። ቆዳችሁ ጠቆር ያለውም በምድጃ እሳት የተቃጠለ የቆየ ጠባሳ ላይ የማይድን ቁስል ከወጣ፣ ወይም ከእግራችሁ መርገጫ ሥር የሚሰፋ ጥቁር ነጥብ ካያችሁ፣ በሐኪም ታዩ፤ እነዚህ ቦታዎች ከፀሐይ ጋር ባይያያዙም ካንሰር ሊወጣባቸው ይችላል።

የትም ብትታከሙ ከቆዳችሁ ተቆርጦ የወጣ ነገር ለፓቶሎጂ ምርመራ መላኩን ጠይቁ፤ ውጤቱ ሲመጣም ስስ ሽፋኑ መጣስ አለመጣሱንና ጠርዙ ንጹሕ መሆኑን እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። ለሁለቱ ዶክተሮች፣ ናሙናውን በፎርማሊን ጠብቀው፣ በሰም አጠንክረው፣ ከፀጉር በቀጠነ ስስ ልክ ለቆረጡትና ቀለም ለነከሩት የላቦራቶሪ ባለሙያዎችም ጭምር፣ በወንድሜና በመላው ቤተሰባችን ስም ከልብ አመሰግናለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።