ለውጅግራዬ የገዛሁት የአረር ሞልድ፦ 3 ኮከብ፣ እሱም በግድ

ከልጅነቴ ጀምሮ ውጅግራ ውጅግራ ሲባል እየሰማሁ ስላደግኩ እዚህ ቨርጂኒያ አንድ የ1874 ሞዴል፣ ያ ፈረንሳዮቹ ፉዚል ግራ የሚሉት አያቶቻችን አድዋ ይዘውት የዘመቱት፣ ሳገኝ አላስቻለኝም ገዛሁት። ጥይቱ ግን እንደልብ ሱቅ አይገኝም፣ እርሳስ አቅልጠህ አረሩን ራስህ ነው የምትሠራው። እና ይሄን ሞልድ፣ ማለትም የቀለጠው እርሳስ ፈስሶ አረር ሆኖ የሚወጣበትን ቅርጽ ማውጫ፣ ኦንላይን አዘዝኩ፣ ማስታወቂያው ለ11 ሚሊሜትር ግራ ልክክ ይላል ይላል።

ሥራው አሪፍ ነው አልዋሽም። ሁለቱ ግማሾች ሲገጥሙ ብርሃን አያሳልፉም፣ አረሩም ሳይጣበቅ ዱብ ይላል፣ ሃያውን ስመዝናቸው እንደ ፈረንሳዩ 25 ግራም ገደማ ናቸው። ተኩሱ ግን ጉድ ነው! በ50 ሜትር ከአስሩ አራቱ ብቻ ካርቶኑን አገኙት፣ እነሱም ቀዳዳቸው ክብ አይደለም፣ አረሩ በጎኑ ተጋድሞ ነው የገባው። ባሩድ ስጨምር ስቀንስ ሁለት ወር አቃጠልኩ።

በኋላ አንድ ሽማግሌ ጠመንጃ ጠጋኝ "በርሜሉን ለክተኸዋል?" አለኝ። የት ለክቼ! ለስላሳ እርሳስ ዘይት ቀብቼ በእንጨት ዘንግ ቀስ እያልኩ በርሜሉ ውስጥ አሳለፍኩትና በማይክሮሜትር ስለካው 11.40 ሚሊሜትር፣ ከሞልዱ የሚወጣው ደግሞ 11.28። በቃ፣ አረሩ ቦዩን (በርሜሉ ውስጥ ተጠማዞ የተቀረጸውን፣ አረሩን የሚያሽከረክረውን) አይነክሰውም፣ ጋዙ በጎን እያመለጠ እርሳሱን ልጦ በርሜሉ ላይ ይለጥፈዋል። ለሻጮቹ ስጽፍላቸው "እንደ በርሜሉ ይለያያል" አሉኝ፣ ታዲያ ገጻችሁ ላይ ለምን አትጽፉትም??

ሌላ ቦታ 11.43 የሚያወጣ ሞልድ አሠራሁ፣ ሃያ እጅ እርሳስ ላይ አንድ እጅ ቆርቆሮ (የቤት ክዳኑን ሳይሆን ቲን የሚባለውን) ጨመርኩ፣ ቅባቱ ሰምና የበግ ሞራ ነው (ባለቤቴ ወጥ በምትሠራበት ምድጃ ሞራ ሳቀልጥ ይዛኝ አሁን በረንዳ ላይ ነኝ)። ባሩዱ ጥቁሩ ብቻ ነው፣ ጭስ አልባውን እንደዚህ ያረጀ ጠመንጃ ውስጥ እንዳታስቡት። ወፍሮ የተሠራው ጥይት ሳይገፉት ጎሬው (ጥይቱ የሚጎርስበት የበርሜሉ ኋላ) ውስጥ መግባቱንም መጀመሪያ አይቻለሁ። በየተኩሱ መሃል በእርጥብ ጨርቅ በርሜሉን እየወለወልኩ አምስት ተኮስኩ፣ አምስቱም የስኒ ማስቀመጫ በምታክል ቦታ!

የድሮውን ሞልድ የሚፈልግ ካለ በግማሽ ዋጋ እሰጣለሁ፣ በርሜሉን ለክቶ ይምጣ ብቻ።